ማለፊያ

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ከጎማ ቤት በላይ፣
የሰው አገር መንግሥት አንድ መስኮት አለው ወደ ዝናብ የሚያይ።
አምስት ሰው ነበርን።
ደምሰው ተዛወረ፣ ብዙነሽ ወለደች፣
የኮምፒውተሯ ልጅ «መጣሁ» ብላ ሄደች።
አሁን እኔ ብቻ፣ ከዘበኛው ጣሃ፣
አንድ ማኅተም፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ።

የምንሰጠው ቪዛ የመኖሪያ አይደለም፤
የሥራም፣ የትምህርት፣ የጉብኝትም የለም።
ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ በሌላው መሳፈሪያ፣
አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ጥቂት ሰዓት መጠበቂያ፣
ስሙም ራሱ ማለፊያ።

በፊት በቀን አራት፣ ቢበዛ ስምንት ሰው።
ግንቦት ላይ ያ ሌላው መንገድ ተዘጋና፣
«ጅማ መስኮት አለ» የሚል ወሬ ተነዛና፣
ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከቦንጋ፣ ከተርጫ
ሌሊት ተጉዞ መጣ፤ ሰልፉ ጎማ ቤቱን አልፎ ደረሰ እስከ መስጊዱ መውጫ።
ጣሃ ካርቶን ቀዶ ቁጥር ያድላል፤ ትናንት ሦስት መቶ አርባ ደረሰ።
አንዱ ገልብጦ ያዘው፣ ስድስቱ ዘጠኝ ሆነ፣ ሰልፉ ተተራመሰ።

«ሰው ጨምሩልኝ» ብዬ ለአዲስ አበባ ጻፍኩ።
የማኅተም ቀለም ላኩልኝ።
ሁለተኛ ጻፍኩ።
«በሂደት ላይ ነው» አሉኝ።

ቅጹ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሰዉ በኛ ሰዓት ይሞላል።
«ዐሥር ሰዓት ደርሼ ሦስት ሰዓት እነሣለሁ» ይላል።
አርባ ሦስት ፋይል ተመለሰ በአንድ ቀን፣
ከዳር እስከ ዳር በቀይ፦ «ሳይደርስ ተነሥቷል»።
ዙልፋ የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው።
ማሽኑ «እንዲህ ያለ ወር የለም» አለ።
«እንግዲያ አልተወለድኩም» ብላ ሳቀች፣
ከኋላዋ ያሉት ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣
ከዚያ ሁላችንም ሰዓት አየን።

«ዓላማ?» እላለሁ፣ ቀና ሳልል።
«ለማለፍ።»
«እሱን አውቃለሁ፤ ለምን?»
«እንዲያልፍልኝ ነዋ!»
ቅጹ ላይ «ማለፍ» የሚል ሣጥን አለ፣ ምልክት አደርጋለሁ፤
ለ«ልኝ» ግን ቦታ የለውም።

የአባ ዲጋ አውራ ጣት አልነበብ አለ።
ሠላሳ ዓመት ቡና ለቅመው፣ ገመድ ስበው፣
መስመሩ ጠፍቷል፣ እንደ ወንዝ ዳር ጠጠር ልሟል።
መስታወቱን ጠረግኩ፤ ጣታቸውን በሎሚ አሸሁ፤
እፍ አልኩበት፣ ደግሜ ጫንኩት፤
«ጣት አልተገኘም» ይላል፣
ጣቱ በእጄ ውስጥ እየሞቀ።
ልጃቸው ከባሕር ማዶ ሆስፒታል ተኝታለች፤
ሊያመጧት ነው። ቲኬታቸው የማክሰኞ ነው።
«አስቸኳይ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ።
በቀይ የጻፍኩት ሁሉ በአንድ ላይ ተደርድሮ አየሁት፤
ቁልሉ ከሌላው ይበልጥ ነበር።

ማታ ጣሃ በሩን ዘግቶ ካርቶኖቹን ይለቅማል፣
የነገን ቁጥር በጀርባቸው ሊጽፍ።
እኔም ውሌ ጊዜያዊ ነው፤ በየወሩ ይታደሳል።
የዚህን ወር ማን እንዳደሰው ገና አልሰማሁም።

ሐሙስ ሂርማታ ገበያው ሲቆም፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣
አባ ዲጋ ጥላቸውን አጥፈው መስኮቱ ላይ ቆሙ።
«የኔ አለፈ?» አሉኝ።
ፋይላቸውን ገለጥኩ። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፤
ቲኬቱም እዚያው ተጣብቋል፣ ማክሰኞ፣ ከትናንት ወዲያ።
ስለ ልጅቱ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አላነሡም።
«አልፏል፣ አባባ» አልኩ፤
የትኛውን እንደ ነገርኳቸው እስካሁን አላውቅም።
ወረቀቱን ተቀበሉ፣ በላስቲክ ጠቀለሉት፣
ደረት ኪሳቸው ከተቱት።
«ማለፊያ» አሉ። «ማለፊያ ነው፣ ልጄ።»

ደረጃውን ሲወርዱ የጥላቸው ጫፍ ይሰማኛል፣ ቋ፣ ቋ፣
ጣሃም ከታች ይጣራል፦
«ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት!
ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት የለም እንዴ?»